የተቆረጠው ምዕራፍ ሚኒባስ ውስጥ ተገኘ

ዛሬ ጠዋት ከጎባ ወደ ሮቤ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው የክፍሌ ልጅ ደረጄ ከቦርሳው የመጽሐፍ ገጾች አወጣ። ጥጋቸው ላይ የላይብረሪያችን ማኅተም አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ የፈለግኩት ምዕራፍ ነው! መጽሐፉ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ትናንት ሳገኘው ምዕራፉ የለም።

"አንተ ነህ የገነጠልከው?" አልኩት።

"ኧረ አልገነጠልኩም፣ ቀስ ብዬ በምላጭ ነው የቆረጥኩት" አለኝ፣ እንደ ሙያ ቆጥሮት።

ልብ በሉ፣ ሁለታችንም የላይብረሪ ሳይንስ የማስተርስ ተማሪዎች ነን። እሱማ የመመረቂያ ጽሑፉ መጻሕፍትን ከጉዳት ስለመጠበቅ ነው። አስተግፊሩላህ!

"ኮፒ ቤቱ መብራት አልነበረውም። ፈተናው ሲያልቅ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ" ብሎ ጣቱን ላሰና ገጹን ገለበጠ። ቋቅ አለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሮቤ ልንገባ ስንል ገጾቹን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። "ነገ ፈተና ነው እኮ፣ አንቺም ፎቶ አንሺው።"

አነሳሁ። ሁሉንም። ምራቁ ያልደረቀውን ገጽ ሳይቀር።

ይኸው ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ከስልኬ ሳነብ፣ የላይብረሪዋ ሠራተኛ እትዬ ዘነበች መጽሐፉን ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ይሄን ማን እንደቆረጠው ታውቂያለሽ?"

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁትና "አላውቅም" አልኳቸው።

ደረጄን ስጸየፍ ውዬ አሁን ማንን እንደምጸየፍ ጠፋኝ። እናንተስ ያቅለሸለሻችሁን ነገር ተካፍላችሁ ታውቃላችሁ? ጉዳችሁን ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።