የመቶ ዓመቱ ለቅሶ

ቅዳሜ ጠዋት ነው... ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ከተማ ዮቪል ሰፈር ያለችውን ምግብ ቤቴን ገና ከመክፈቴ አንድ ነጭ አዛውንት ገብተው ተቀመጡ። ያዘዙት ሻይ ሳይነኩት ቀዘቀዘ። እኔ ደግሞ ሰው ተክዞ ሳይ ዝም ማለት አልችልም። «ምን ሆነዋል?» አልኳቸው።

«ከአውስትራሊያ ነው የመጣሁት። አያቴ እዚህ ከተማ ሞቶ... መቃብሩን ፈልጌ አጣሁ። ነገ ተመላሽ ነኝ።»

ሌላ ምን እጠይቃለሁ? በሰው አገር ብቻቸውን ያዘኑ ሰው ናቸው። ወዲያው ለእድራችን ሰብሳቢ ለጋሽ ሎምበሶ ደወልኩ። ብዙም ሳይቆይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ወንዶች ቤቱን ሞሉት። ንፍሮም ተጣደ።

አዛውንቱ ግራ ገብቷቸው የተዘረጋላቸውን እጅ ሁሉ ይጨብጣሉ። ጋሽ ሎምበሶ አጠገባቸው ተቀመጡና...

«ታመው ነው ወይስ ድንገት?»

«የወርቅ ጉድጓድ ተንዶበት። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው።»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አዛውንቱ ግን ከኪሳቸው ፎቶ አወጡ። እጅጌ የሌለው ባለመስመር ማሊያ የለበሰ ጎረምሳ ሞላላ ኳስ ታቅፏል። አገራቸው በእጅም በእግርም የሚጫወቱት እግር ኳስ አለ፤ አያትየው ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ከሰው ሁሉ በላይ ዘሎ ኳስ ይቀልብ ነበር አሉን። ጉልበቱ ሲሰበር የሚያስታውሰው ጠፋ። ሕፃን ልጁን ትቶ ወርቅ ፍለጋ ጆበርግ መጣ፤ በዚያው ቀረ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ይመጣል ብሎ ጠበቀው። እኔም መሞቱን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። ማንም አላለቀሰለትም።»

ጋሽ ሎምበሶ ብድግ አሉ። «እንግዲያው መርዶው ገና አሁን መድረሱ ነው። ተነሱ፣ እንሂድ።»

የአያትየው ስም መዝገቡ ላይ ያለበት መቃብር ቦታ ስንደርስ ጥበቃው አንድም ድንጋይ የሌለበት ሰፊ ሳር አሳየን። «እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነው። ከዚህ በላይ የሚያውቅ የለም» አለ። አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ።

«እኛም እዚህ ስንመጣ መንገድ ላይ የቀሩብንን ልጆች መቃብር አናውቅም» አሏቸው ጋሽ ሎምበሶ። «በፎቷቸው ነው የምናለቅሰው።»

ፎቶውን ዛፍ አስደግፈን ሳሩ ላይ ተቀመጥን። እውነቴን ነው፣ ሞዛምቢክ ጫካ ውስጥ የቀረው ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። አዛውንቱም የአባታቸውን ጨምረው አለቀሱ። ስንመለስ ንፍሮው በስሎ ጠበቀን።

አሁን ሰው ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ «መቼ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መቶ ዓመቱ ነው ቢሉኝም ግን ነጠላዬን አዘቅዝቄ እሄዳለሁ።