የውሰት ነርሶች

በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት መዋስ ነውር አይደለም። ወንበር ይዋሳል፣ ብርጭቆ ይዋሳል፣ ምንጣፍ ይዋሳል። ያዋሰው ጎረቤትም ሲጋበዝ የገዛ ወንበሩን እንዳላወቀ ሆኖ ይቀመጥበታል። ልጅ ሆኜ ሰው ቤት የእናቴን ትሪ አይቼ "የእኛ ነው!" በማለቴ ጭኔን ተቆንጥጫለሁ። ስለዚህ የምሠራበት ሆስፒታል ለእንግዳ ብሎ ነርስ ሲዋስ ማንም አልደነገጠም። እኔ ግን ተናደድኩ። ዛሬም አልበረደልኝም።

ሆስፒታሉ ከደብረ ማርቆስ ብዙም አይርቅም። እኔ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ መተንፈስ የከበዳቸው፣ ሙቀት አልይዝ ያላቸው እዚያ ይተኛሉ። ክርስትና ስላልተነሡ ስም የላቸውም፤ የእገሊት ልጅ እያልን በእናታቸው ነው የምንጠራቸው። ለአንድ ነርስ ስንት ሕፃን እንደሚበቃት የሚደነግግ ስታንዳርድ አለ። ያወጣው ሰው ይባረክ፣ ጥሩ ሕግ ነው። እኛ ክፍል ግን አብዛኛውን ቀን ከሕፃናቱ ሁሉ ጋር የምውለው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ሰው ጨምሩልኝ ባልኩ ቁጥር መልሱ "ቅጥር ይወጣል፣ ታገሺ" ነው። እኔስ ልታገሥ፤ መተንፈስ የሚታገሥ ሕፃን ግን እስካሁን አላየሁም።

ያን ክረምት ከደብረ ኤልያስ ገጠር የመጣች አራስ ነበረችን። ልጇ ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። እንዲህ ያለ ጊዜው የመጣ ሕፃን አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳል። ውስጥ እግሩን ቶሎ ነካ ነካ ቢያደርጉት ያስታውሰዋል፤ የሚያየው ካጣ ግን እንደረሳ ይቀራል። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የሚያይ ዓይን ነው። እኔ ለአንዱ ወተት በቱቦ ስሰጥ፣ የሌላውን ኦክስጅን ሳስተካክል፣ ዓይኑ እናትየዋ ሆነች። ቤቷ ብትሆን ገንፎ እየቀረበላት ተሸፋፍና የምትተኛዋን አራስ፣ እኛ ዘብ አደረግናት።

"ሲስተር፣ እንቅልፍ ሊጥለኝ ነው" አለችኝ አንድ ጠዋት። "ድንገት ሸለብ ቢያደርገኝ ትሞትብኛለች?"

አትሞትም ማለት አልቻልኩም። ቀና ብዬም ላያት አልቻልኩም።

በዚያው ሳምንት ተቆጣጣሪዎች እንደሚመጡ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን "ገበናችንን እንሸፍን" አለ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ክፍሌ በነርስ ተሞልቷል። ከቀዶ ሕክምና፣ ከተመላላሽ፣ ከክትባት ተለቅመው፣ ጋውናቸውን ተኩሰው፣ በየሕፃኑ ራስጌ ቆመዋል። ሠርግ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

የሚያናድደው ነገር፣ ክፍሉ ሠራ። ከቀዶ ሕክምና የመጣችው ነርስ ከትንሿ ልጅ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጅቷ መተንፈስ ስታቆም እኔ ዞር እስክል እንኳ አልጠበቀችም፤ እግሯን ነካች፣ ልጅቷም ትንፋሿን ሳበች። እናትየዋ ግድግዳ ተደግፋ አፏን ከፍታ ተኝታለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዲት እናት ጡቷን እንዴት እንደምታጎርስ ሳልጣደፍ አሳየሁ። ሕጉ ከወረቀት ወርዶ በእግሩ ሲሄድ አየሁት። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ይበልጥ ተቃጠልኩ።

ተቆጣጣሪዎቹ አመስግነው ወጡ። የውሰቶቹም ተከትለው ወጡ። የቀዶ ሕክምናዋ ወንበሯን ወደ ቦታው እየመለሰች "ብቆይ እወድ ነበር፤ እዚያም ቁስለኞቹን ጥዬ ነው የመጣሁት" አለችኝ። ከዚያ "ዝም አይነቅዝም፣ እህቴ" ብላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

"ዝም አይነቅዝ ይሆናል" አልኳት። "ልጅ ግን ይሞታል። እስክመለስ አንዴ ቁሚልኝ።"

ሮጬ ተቆጣጣሪዎቹን ግቢው በር ላይ ደረስኩባቸው። የቡድኑ መሪ ጠና ያሉ ሐኪም ናቸው፤ አንድ እግራቸውን መኪና ውስጥ አግብተዋል። ሥራ አስኪያጁ ሊሸኛቸው አጠገባቸው ቆሟል።

"ጌታዬ፣ ያዩዋቸው ነርሶች የውሰት ናቸው" አልኩ። "ከምሳ በኋላ ሳይነግሩን ተመልሰው ይዩን።"

ሐኪሙ አዩኝና መኪናው ውስጥ ገቡ። መኪናው ሄደ።

"አንቺ ልጅ፣ እንጀራሽን አልፈለግሽውም?" አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

"ፈልጌዋለሁ" አልኩት። "ገበና የሚሉት ግን የእርስዎም የእኔም አይደለም። የእነዚያ ሕፃናት ነፍስ ነው። አልሸፍንልዎትም።"

ነገ እንደምባረር እርግጠኛ ነበርኩ። ይባረር የተባለ ሰው እንዴት እንደሚቀለው አይታችኋል? እኔም እንደዚያ ቀለለኝ። ተመልሼ የቀዶ ሕክምናዋን ወደ ቁስለኞቿ ሸኘሁ፤ እንደ ወትሮዬም ብቻዬን ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወንድ ሕፃን ትንፋሽ አጥሮት ጠቆረብኝ። አምቡ ባጉን ፊቱ ላይ ደፍቼ በእጄ እየጨመቅኩ አየር እሰጠው ጀመር። እጄን ካነሳሁ ያበቃለታል። በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ብቻቸውን ገቡ። "እንደምን ዋላችሁ" አሉ፤ አልመለስኩም። በዚያው ቅጽበት ከወዲያ ጥግ የደብረ ኤልያሷ እናት ጮኸች። ልጅቷ አሁንም ረስታለች።

"እኔን አይዩ!" አልኩ፣ ድምፄን ሳልቆጥብ። "እሷን! እሷን ይያዙልኝ!"

ኮታቸውን ወንበር ላይ ወረወሩት። እጃቸውን በአልኮል ጠራርገው እግሯን መቱ፣ ጀርባዋን አሹ፣ እንደገና አሹ። በመጨረሻ ጭል የምትል ለቅሶ ሰማሁ። እናትየዋ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የእኔም ልጅ ቀስ በቀስ ቀላ፤ እጄን ግን ገና ማንሳት አልችልም።

ሥራ አስኪያጁ ወሬ ደርሶት እየተጣደፈ መጣና በሩ ላይ ቆመ። "ጌታዬ፣ ቢሮ እንሂድ፤ ሻይ ተዘጋጅቷል" አላቸው።

ሐኪሙ ልጅቷ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሊነሡ አሉና እጃቸውን አዩት። ከልጅቷ ጀርባ ላይ ነው። ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኙ። እኔን አዩ፤ በሁለት እጄ ሌላ ነፍስ ይዣለሁ።

"ማን ይቀበለኝ?" አሉ።

ከተቀመጡበትም አልተነሡም።