ከግድግዳው ማዶ ያለችው ስክሪን

ፈሪሀ ቆቦ ላይ በአጎቷ በሙሀመድሰይድ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ሱቁ የውሃ ሞተርና የመስኖ ቱቦ መሸጫ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙት ገበሬዎች ከጎብዬም ከሮቢትም ሲመጡ በር ላይ ተቀምጠው የሚቀበሉት እሳቸው፣ ሽያጩን ኮምፒውተር ላይ የምታስገባው እሷ ነበረች።

አምና ስትሮክ ግራ ጎናቸውን መታቸው። አልጋቸው ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል፣ ከፈሪሀ ጠረጴዛ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ተዘረጋ። ቤት መዋል የማያውቁ ሰው ናቸውና ቀኑ አልገፋ አላቸው። "ሱቄ ይኑር ይጥፋ በምን አውቃለሁ?" እያሉ ሲጨነቁ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ይድነቃቸው እንደ ትሪ የሳሳች ስክሪን ይዞ መጣ።

"ይቺ ሶኬት እንኳ አትፈልግም። መብራቱንም ምስሉንም በዚህች በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ትስባለች" አለና ግድግዳውን በስቶ ገመዱን አሳለፈ። ስክሪኗን ከአልጋው አጠገብ ሲያቆማት፣ ፈሪሀ የምታየው ሁሉ ለሳቸውም ታየ።

"አልሀምዱሊላህ" አሉ።

ፈሪሀም ደስ ብሏት ነበር፤ ግን አልቆየላትም። ገበሬው ያዘዘውን የቱቦ መጠን ስትደግምለት ብትሳሳት ከማዶ "ተይ እንጂ፣ ትልቁን ነው ያለሽ" ይሏታል። ገበያው ሲቀዘቅዝ ዜና ብትከፍት "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" ይመጣል። ለአፍታ ብትነሣ "ምነው ቆመ?" ይላሉ። ሙቀቱ ያንን ጠባብ ሱቅ አፍኖ ሲይዘው፣ ዓይን ማጅራቷ ላይ የተለጠፈባት ይመስላታል። ተቆጥተዋት አያውቁም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

አንድ ቀን አብራት የተማረችው ራሔል ከወልድያ በቴሌግራም ጻፈች። መልእክቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ በትልልቅ ፊደል ብቅ አለ፦ "እኛ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ስላንቺ ነግሬያቸዋለሁ፤ እስከ ሰኞ ነይ።"

ፈሪሀ ቶሎ ዘጋችው። ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ የለም።

በማግስቱ ይድነቃቸውን ጠራችው። "እሳቸው ጋ ሽያጩ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል?" አለችው በሹክሹክታ።

"ምን ችግር አለው። አሁን ያንቺኑ እየገለበጠ ነው የሚያሳያቸው። ለየብቻ ካደረግነው ያንቺ ላንቺ፣ የሳቸው ለሳቸው ይሆናል።" የዕለቱን ሽያጭ የሚያሳየውን ገጽ ወደ እሳቸው አሻግሮላት ሄደ።

ፈሪሀ ከስንት ጊዜ በኋላ ትከሻዋን ፈታ አድርጋ ተቀመጠች። ለራሔል "እመጣለሁ" ብላ ጻፈች።

ከዙሁር ሶላት በኋላ አጎቷ ጠሯት።

"ፈሪሀ፣ ያቺ ቀስት ወዴት ሄደች?"

"የቷ ቀስት፣ አብዬ?"

"ስክሪኗ ላይ የምትመላለሰዋ ናታ። ጽሑፉ አለ፤ እሷ የለችም።" ደህናውን እጃቸውን ወደ ስክሪኗ ዘረጉ። "ሽያጩንማ መች አነበዋለሁ፤ ዓይኔም ደክሟል። እሷ ስትንቀሳቀስ ልጄ እዚያ አለች እላለሁ። ከሷ ጋር ነው የምውለው።"

ፈሪሀ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መዋሸት አቃታት።

"ወልድያ ሥራ አግኝቼ ነበር፣ አብዬ።"

"አይቻለሁ። እሱንስ ስክሪኑ አጉልቶ ነው ያሳየው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ምን ልበል? ሂጂ ብልሽ ቀኑን በምን እገፋዋለሁ? አትሂጂ ብልሽ ደግሞ ግፍ ነው፤ አላህ ይጠይቀኛል። ዝም አልኩ።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ሂጂ ይሏት እንደሆነ ጠበቀች። አላሏትም። እሷም እሄዳለሁ አላለችም። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ስክሪኑን እንደ በፊቱ አደረገችው፤ ከማዶ "እንዲያ!" የሚል ለስላሳ ድምፅ ሰማች። ያ ድምፅ ከቁጣ ይልቅ አሰራት።

ሰኞ አለፈ። ሐሙስ ዕለት ራሔል "ሌላ ሰው ቀጠሩ፤ ምን ሆነሽ ነው የቀረሽው?" ብላ ጻፈች። ፈሪሀ አልዘጋችውም። ፊደሉን አጉልታ ስክሪኑን ሙሉ ዘረጋችውና እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ያንብቡት አለች በልቧ።

ከማዶ "ምነው ቆመ?" የሚል አልመጣም። ከዋጃ የመጣ ገበሬ በሩ ላይ ቆሞ ለሞተሩ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ፣ ጎሚኒ፣ ሲጠይቅ፣ ልታወርድለት ተነሣች።