የዕርቅ ሊቅ

በቤተ ክርስቲያናችን የሚያውቀው ሁሉ «ጥልቁ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት የመዘምራን ሴቶች ናቸው። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የት እንዳለ ቢጠየቅ እንኳ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «እሱ ጥልቅ ነገር ነው» ሳይል አይመልስም ነበርና። እሱ ግን ሙገሳ መሰለው። በመጽሐፍ ቅዱስ «ጥልቁ» ማለት አጋንንት እንኳ «እባክህ ወደዚያ አትስደደን» ብለው የለመኑበት ስፍራ መሆኑን ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ ሰው ስለ ራሱ ሲሆን ግን የተማረው ሁሉ ይጠፋበታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት በርና መስኮት እየሠራ ያደገ፣ ሳቂታ፣ ሰው ታመመ ሲባል መጋዙን ጥሎ የሚሮጥ ልጅ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ይህን አይተው «ይህስ ለአገልግሎት የተፈጠረ ነው» አሉና ነገረ መለኮት ኮሌጅ ላኩት። ሲመለስ ሳቁን እዚያው ረስቶት መጣ። ዲፕሎማው ዲግሪ ወለደ፣ ዲግሪው ማስተርስ ወለደ፤ ስብከቱም በየማዕረጉ ይረዝም ጀመር። ምእመኑ መሀል ላይ «አሜን!» የሚለው ልቡ ተነክቶ ሳይሆን ያለቀ እየመሰለው ነበር።

የወንድማማቾቹ ጠብ የተነሳው እናታቸው የተቀበሩ ዕለት ነው። ጥልቁ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ «ሞት» የምትለዋን ቃል በግሪክኛ ይተነትን ጀመር። ሰማዩ ጠቆረ። ከግሪክኛው ወደ ዕብራይስጡ ሲሻገር ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። ለቀስተኛው ዛፍ ሥር ተጠለለ፤ ሳጥኑ ግን የት ይጠለል? ሳጥኑን በእጁ የሠራው ታናሽየው ክዳኑ ላይ ውሃ ሲያቁር አይቶ አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ በቃ እንግዲህ» አለው። «እማዬ እኮ ራሰች!»

ለቀስተኛው ማልቀሱና መሳቁ ተምታታበት። ጥልቁ መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው እየኖሩ ለወንድሙ ትንፍሽ ብሎለት አያውቅም።

ዶክትሬቱን ሲጀምር ታዲያ ምን ላይ ልሥራ ቢል ጥሩ ነው? ዕርቅ ላይ።

ሥራው መጀመሪያ ላይ በሰላም ሄደ። የዕርቅን ታሪክ ጻፈ፣ የዕርቅን ፍልስፍና ጻፈ። ኋላ ግን አማካሪው፣ ቀልድ የማያውቁ ሴት ፕሮፌሰር፣ ወረቀቱን ገፋ አድርገው «ይህ ሁሉ መልካም፤ አንተ ግን የምትሠለጥነው ለአገልግሎት ነው። ከእውነተኛ ጠበኞች ጋር ተቀምጠህ የሆነውን ጻፍልኝ» አሉት።

ጠበኛ ፍለጋ ተነሣ። መጀመሪያ ያገኘው በአማት ጉዳይ የተኳረፉ ባልና ሚስትን ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለ ቃል ኪዳን ምንነት ከማለዳ እስከ ምሳ ሰዓት አስተማራቸው። በመጨረሻ ባል ሚስቱን በዓይኑ ጠቀሳት፤ እሷ ራሴን አመመኝ አለች፤ እሱ ሐኪም ቤት ልውሰዳት አለ፤ ተያይዘው እልም። ከዚያ ወዲህ እንደ ፍቅረኞች ናቸው ይባላል። የጋራ መከራ ያፋቅራል። ፕሮፌሰሯ ግን አልተቀበሉትም፤ «እነዚህ ያመለጡ እንጂ የታረቁ አይደሉም» አሉ። ሌላ ጠበኛ ቢፈልግ ሁሉም የሚመልስለት አንድ ቃል ሆነ፦ «አንተስ ከወንድምህ?»

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በእጇ ያልፋል። እራት እየበሉ «ጠብ ብርቅ ከሆነብህ ከግድግዳው ማዶ አለልህ» አለችው። እሷና የወንድሙ ሚስት ድሮም ኩርፊያውን ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም።

በማግስቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ወንድሙ መላጊያውን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጋሼ! ምን በር ላይ ያስቆምሃል፣ ግባ እንጂ!» ብሎ ተጠመጠመበት። የእንጨቱ ዱቄትና ፍቅፋቂ ኮቱ ላይ ቀረ። ጥልቁ ኮቱን አራግፎ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ።

«ቅር ካላለህ ልቅዳው፤ ለጥናቱ ነው። በሥርዓቱ መሠረት መጀመሪያ በዳይ ስሜቱን ይገልጻል።»

«በዳዩ ማን ነው?»

«አንተ ነሃ።»

«ጋሼ፣ አሁን የመጣኸው ለእኔ ብለህ ነው ወይስ ለትምህርትህ?»

ጥልቁ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። «እሱ ጥልቅ ነገር ነው።»

«እንግዲያው ስትመረቅ ና» አለና መላጊያውን አነሣ።

ጥልቁም ቤቱ ገብቶ ጻፈው። ምዕራፉን «ዕርቅን የሚገፋ ልብ» አለው። ፈታኞቹ ፊት ሲቀርብ አድናቆት ጎረፈለት። አንድ አዛውንት ፈታኝ ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው «ከዚያ በኋላ ተመልሰህ ሄድክ?» ብለው ጠየቁት።

«ከጥናቱ ወሰን ውጪ ነው» አለ። በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ።

በተመረቀበት ቀን ወንድሙ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩን ከፍቶ ጠበቀው። ዶክተራችን ከነካባው በዚያ በር ፊት አልፎ እንግዶቹን ሊቀበል ወደ ቤቱ ገባ።

ክረምት ሲገባ ታናሽየው የሰው ጣሪያ ሲጠግን ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጥልቁን ሚስቱ እየገፋች ሆስፒታል ወሰደችው። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ «ዶክተር፣ ወንበር ልስጥህ?» አለች የወንድሙ ሚስት። አጠገባቸው የተኙት ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ብርድ ልብሳቸውን ገልጠው የቆሰለ እግራቸውን ዘረጉለት።

«እኔ እንደዚያ ዓይነት ዶክተር አይደለሁም፣ አባቴ።»

«ታዲያ የምን ነህ?»

«የ… የዕርቅ።»

«ልጄ፣ እኔ የተጣላሁት ከእግሬ ጋር ነው» አሉት።

ወንድሙ ሳቁን ለቀቀው። ሲስቅ እግሩን ያመዋል፣ ሲያመው ይጮኻል፣ ጮኾ እንደገና ይስቃል። ጥልቁ መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኮሌጅ የረሳው ሳቅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ፈነዳ። ነርሷ መጥታ ተቆጣቻቸው። በኋላ ወንድሙ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲያስፈልገው ጥልቁ ደግፎ አነሣው፤ በኮሪደሩ ተቃቅፈው፣ እያነከሱ ሄዱ። እዚያ ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም። ሲመለሱ የሁለቱም ዓይን ቀልቶ ነበር።

አሁን ይነጋገራሉ። ስብከቱ ግን አላጠረም። ጥናቱም ገና ክረምቱ ሳይገባ መጽሐፍ ሆኖ ታትሞ ነበር፤ ኮሌጁ ውስጥ የሚያስተምረው በሱ ነው። ታናሽየው መጽሐፉ ውስጥ አሁንም ልቡን ያደነደነ ሰው ሆኖ በየዓመቱ የተማሪዎች ፈተና ላይ ይመጣል።

ሚስቱ «አስተካክለው እንጂ፣ ታርቃችኋል እኮ!» አለችው አንድ ቀን።

«የታረቅነው እኮ ከታተመ በኋላ ነው» አላት።