በአሱንሲዮን የዋሸሁት

ሐጂ «ፓራጓይ እንሂድ» ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ ሲነግዱ የኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። እኔ ከመተማ ተሻግሬ የመጣሁ ጊዜ መጀመሪያ ጆንያ ተሸካሚ አድርገው ቀጠሩኝ፣ ኋላ ጸሐፊያቸው ሆንኩ። ሰሊጥ የሚያበጥር ማሽን የሚሸጥ አንድ የፓራጓይ ነጋዴ፣ ማሽኑ ሲሠራ መጥተው እንዲያዩ ጋብዟቸው ነበር። እንግሊዝኛ ስለምሞካክር አስተርጓሚያቸው ሆኜ አብሬ ሄድኩ።

ዋና ከተማቸው አሱንሲዮን ይባላል። ጎብኚ ብዙም አይደርስበትም፤ ሆቴላችን ውስጥ ከእኛ በቀር እንግዳ ያየሁ አይመስለኝም። ሙቀቱ እንደ ገዳሪፍ ነው። መንገዱ ዳር የብርቱካን ዛፍ ተተክሏል፣ ሰዉ ሁሉ፣ ፖሊሱም ሳይቀር፣ የቀዝቃዛ ውኃ ፔርሙዝ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሐጂ ይህን ሲያዩ «እነዚህ ሰዎች ፀሐይ ምን እንደሆነች ያውቃሉ» አሉ።

ማሽኑን አየን። በሦስተኛው ቀን የነጋዴው ሠራተኛ የሆነች ሴት በመኪና ወደ ሰሊጥ አምራቾቹ መንደር ይዛን ወጣች። መሬቱ ቀይ ነው። ጥቂት ሰዓት እንደተጓዝን ሐጂ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አቁሚ በላት! ሂላ ነው! ወላሂ ሂላ ነው!»

እውነታቸውን ነበር። የታጨደው ሰሊጥ ልክ እንደኛው ነዶ ነዶ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ ቆሟል። ሐጂ ወርደው ጫማቸውን አወለቁና ማሳው ውስጥ ገቡ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ገበሬ ገጀራውን ይዞ መጣ። ሐጂ አንድ ነዶ ዘቅዝቀው መዳፋቸው ላይ አራገፉ፣ እፍ አሉበት፣ ቃሙት። ሰውየው ሳቀና እሱም እንደዚያው አደረገ።

እኔ ከመኪናው አልራቅሁም። አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር፣ ደግሞም ሴትዮዋ ስታየን አፈርኩ። ባላገር ይዤባት የመጣሁ መሰለኝ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ገበሬው ቅጠል የተነከረበት ቀዝቃዛ ውኃ በቀንድ ዋንጫ አቀረበ፤ ሁሉም በአንድ የብረት መምጠጫ ነው የሚጠጣው። እኔ ሆዴን አሞኛል አልኩ። ሐጂ ጠጥተው ዋንጫውን መለሱለት። እሳቸው አማርኛና ዓረብኛ እየደባለቁ፣ እሱ በገዛ ቋንቋው፣ በስንት ቀን እንደሚደርቅ በጣት እየቆጠሩ፣ ነፋስ ሲበትነው በእጅ እያሳዩ ሲያወሩ ዋሉ። እኔን ለማስተርጎም የፈለገ አልነበረም። ሚስትየዋ የተቀቀለ ካሳቫና እንቁላል አበላችን።

ፀሐይ ስትበርድ ገበሬው ለሴትዮዋ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም በእንግሊዝኛ ነገረችኝ።

«ምን አለ?» አሉኝ ሐጂ።

«ነገ ጠዋት ሰሊጡን ያራግፋሉ። እደሩና እዩ ይላል።»

ፊታቸው በራ። «እንደር እንጂ! ዕድሜዬን ሙሉ የገዳሪፍን እንጂ የሌላ ሰው አገር ሰሊጥ ሲራገፍ አይቼ አላውቅም።»

«አይሆንም ሐጂ። ነገ ከባለማሽኑ ጋር ቀጠሮ አለን።»

ምንም ቀጠሮ አልነበረንም። ለእጮኛዬ ስልክና ልብስ ልገዛ ከተማው ውስጥ ያየሁት ትልቅ ሱቅ ነበር ያስቸኮለኝ።

አልተከራከሩኝም። ጫማቸውን ቀስ ብለው አጠለቁ፣ የገበሬውን ትከሻ በሱዳን ደንብ መታ አድርገው ተሰናበቱት። በማግስቱ ቀጠሮው ተሰረዘ አልኳቸውና ሱቄ ሄድኩ። ስመለስ ከተማው ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ገዛህ?» አሉኝ።

«ገዛሁ።»

«ደግ አደረግህ» ብለው ውኃውን ማየት ቀጠሉ።

ከተመለስን በኋላ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። ገዳሪፍ በተፈናቃይ ሞላች። ሐጂ መኽዘኑን፣ የሰሊጥ መጋዘናቸውን፣ ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ከፈቱት፤ የማሽኑ ነገር በዚያው ቀረ። ስልክ የገዛሁላት ልጅም ከወላጆቿ ጋር ወደ ግብፅ ሄደች።

የዚያችን የፓራጓይ ሴት መልእክት ያገኘሁት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። «ገበሬው ያ ሽማግሌ መቼ ነው የሚመጣው ይላል» የሚል ነበር። ሳነበው ሐጂ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፣ ለእሷም አልመለስኩላትም።

እየደከሙ ሲሄዱ ጎንደር ያለችው ልጃቸው ወሰደቻቸው። ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ወረቀታቸው እስኪታይ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጠብቅ አላስችል አለኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። የቀጠሮውን ውሸት፣ ሱቁን፣ መልእክቱን።



«ታዲያ አንተ ወደ ሱቅህ መሄድ ትችል ነበር እኮ» አሉኝ። «እኔን እዚያ ትተኸኝ። ሴትዮዋ በማግስቱ ታመጣኝ ነበር።»

ይህ አንድም ቀን በሐሳቤ አልመጣም። ሁለታችንም የፈለግነውን ማግኘት እንችል ነበር። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ጆንያ አላግባብ ስደረድር እንደሚያርሙኝ ያለ ነው። ተራችን ደርሶ ተጠራን።

አሁን ጎንደር ናቸው። እኔ ከገዳሪፍ በየዓርቡ እደውላለሁ፤ ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዝላቸዋለች። አንድ ቀን ይቅርታ መጠየቅ ጀምሬ ነበር።

«ተወው እሱን ልጄ» አሉኝ። «ዝናቡ እንዴት ነው?»

ዝናቡን ነገርኳቸው።