ድምፅ የሌለው ፊልሜ

ባለፈው ቅዳሜ ኢስተን የሚባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ የልጅ ልጄ ሐያት በስልኳ ቪዲዮ አነሳችኝ። ስለ ሕይወት ልምዴ ደህና አድርጌ ተናገርኩ። ስጨርስ ስልኳን አየችና፣ «ሶሪ አባባ፣ ሳውንዱ ኦፍ ነበር» አለችኝ።

«ግድ የለም፤ እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው» አልኳት።

እውነቴን ነው። በወጣትነቴ የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይም ዳይሬክተርም ነበርኩ። የሠራሁት አንድ ብቻ ነው፤ ግን ስንቱ ብዙ ሠርቶ አንዱም አይታወስለትም።

ያኔ ገና ከአገር ወጥቼ፣ ሊንደን የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጓደኛዬ ከከማል ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። አገር ቤት ላለ ዘመድ ድምፅን በካሴት ቀድቶ መላክ የተለመደ ነበር። የእኔ እናት ግን ጆሮዋ አይሰማም። ደሴ ላይ ጎረቤቶቿ የልጆቻቸውን ካሴት ከፍተው ሲያለቅሱ እሷ እጇን አጣጥፋ ታያለች። «ልጄ ታሟል፤ ደብቃችሁኝ ነው» እያለች በምልክት ትነግራቸዋለች፤ እንቅልፍም አጥታ ነበር።

አንድ ቀን ያርድ ሴል ላይ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ ሲሸጥ፣ ድምፅ የማይቀዳ አሮጌ የፊልም ካሜራ አገኘሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ፈታትቼ፣ ገጣጥሜ በራሴ አወቅሁት። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ትምህርት ቤት ቢገባ ይበላሽ ነበር።

ቀረጻው የክሊቭላንድ አቬኑ በረዶ ቀልጦ መልሶ በረጋበት ጠዋት ነበር። የከማልን ጥቁር ካፖርት ለበስኩ። የጎረቤት መኪና ተደግፌ ትኩስ ዶናት ገመጥኩ፤ የቀረፋው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ካሜራውን የያዘው ከማል ነው።

«አሁን እንደ ሀብታም ስራመድ አንሳኝ» አልኩት።

«ተራመድ። ካፖርቴን ግን አደራ።»

ገና ከመኪናው ፈቀቅ ስል አንሸራተተኝና በጀርባዬ ተዘረርኩ። ዶናቱ በረረ። እዚያው እንደተጋደምኩ ሳቄ መጣ።

«ስቶፕ ላድርገው?» አለ ከማል።

«አታቁም።» ጥሩ ዳይሬክተር የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ፊልሙ በሰው እጅ ደሴ ደረሰ። ማሳያ ማሽን ያለው ፎቶ ቤት ግድግዳው ላይ አሳያቸው። ከወራት በኋላ የታናሽ እህቴ የዘይነባ ካሴት መጣልኝ።

«ጋሼ» ትላለች፣ «እማዬ ካፖርቱን ስታይ እጇን አወናጨፈች። እጅጌው አጭር ነው፤ የሰው ልብስ ነው፤ ሊያታልለኝ ነው ማለቷ ነው። ተነስታ ልትወጣ ስትል ወደቅህ። ሳቀች ጋሼ፣ ድምፅ አውጥታ። ልጅ ሆነህም ወድቀህ የምትስቀው እንደዚያ ነበር አሉ። ደረቷን መታ መታ አደረገች፤ የኔው ነው ብላ። የፎቶ ቤቱን ሰውዬ ደጋግሞ እንዲያሳያት አደረገችው። አሁን ትተኛለች።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም አይቻለሁ። ድምፁ ስለሚነግረው ሰዉ ማየት ትቷል። እንደ እናቴ ያለ ተመልካች ግን አላየሁም።

ሐያት ስልኳን አስተካክላ፣ «እንደገና እናድርገው፣ በሳውንድ» አለች።

«ድምፁን ተዪው» አልኳት። በዚህ ዕድሜ ብወድቅ የሚመጣው አምቡላንስ ነውና መውደቁን አልሞከርኩም። ዝም ብዬ ቆምኩና የካፖርቴን እጅጌ ሳብ አደረግሁ። የራሴ ነው፤ ልክም ነው።