ክዳኑ ላይ የነበረው ማንኪያ

ባለፈው ወር የጽሑፍ መምህራችን በትንሽ ደመወዝ ሰው የሚያገለግሉ ሠራተኞችን ስለማክበር አንድ ገጽ ጽፈን እንድንመጣ አዘዙን። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ስለምበልጥ እንዳላሳፍር እጠነቀቃለሁ፤ የታዘዝኩትንም በጊዜው አደርሳለሁ። ኩዌት ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ መምጣቴን የሚያውቁ ጓደኞቼ «ላንቺማ ቀላል ነው» አሉኝ። እኔም ስለ አሠሪዬ፣ ስለ ማዳም፣ ጻፍኩ። አንድ ቀን እንኳ በስሜ ጠርታኝ እንደማታውቅ፣ የምበላበት ሳህንና የምጠጣበት ብርጭቆ ለብቻው ይቀመጥ እንደነበር ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው። መምህሩ ወደዱት፤ ለክፍሉም አነበቡት።

ሲያነቡት ግን ፊቴን የማዞርበት አጣሁ። እዚያ ቤት ውስጥ እኔ ራሴ ያላከበርኳት ሴት ነበረች። እሷም እንደ እኔ ሠራተኛ ነበረች። ስለ እሷ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ቤቱ ሚሽሪፍ የሚባል ሰፈር ነው። እዚያ ስገባ እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበታለች። የወሎ ሴት ናት፤ ሙስሊም ናት፤ እትዬ እላት ነበር። የማዳምን ሦስት ልጆች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እሷ ናት። የራሷን ልጅ ግን የሰባት ዓመት ሳለች ለእናቷ ትታት መጥታ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንዴ ብቻ ሄዳ አይታታለች።

እኔ ከመክተብ፣ ማለትም ሠራተኛ ከሚያስቀጥረው ቢሮ፣ ሻንጣዬን ይዤ ስመጣ ዐረብኛ አልሰማም ነበር። ማዳም ስትጮህ ወዲያ ወዲህ እሮጣለሁ። እትዬ በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት እየላጠች፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «እነሱ ሲጮሁ አንቺ አትሩጪ። የሮጠ ሰው ሳህን ይሰብራል፤ ከዚያ ጩኸቱ ሁለት ይሆናል።» ዐረብኛውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሁለታችን ስንሆን ግን አማርኛ ብቻ ነበር የምናወራው። «በቋንቋችን እንረፍ» ትል ነበር።

ወጥ ቤቱ ከትልቁ ቤት በስተጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ለብቻው ነው። እዚያ የራሳችን ደንብ ነበረን። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በጾም ቀን የሥጋ ምግብ ስሠራ አልቀምስም፤ እትዬ ትቀምስልኛለች። እሷ ሰኞና ሐሙስ ስትጾም ደግሞ እኔ እቀምስላታለሁ። «ነይ እስቲ፣ ምላስሽን አውሺኝ» ትለኛለች። ሌላው ደንባችን የጨው ማንኪያ ነበር። አንዷ ልብስ ልታሰጣ፣ አንዷ ልጅ ልትቀበል ስንሯሯጥ ማን ምን እንደጨመረ ይጠፋብናል። ስለዚህ ጨው የጨመረች ሴት የጨዉን ማንኪያ በድስቱ ክዳን ላይ አጋድማ ትሄዳለች። ማንኪያው ክዳኑ ላይ ካለ ጨው ገብቷል፤ ከሌለ አልገባም። ይህን ያመጣችው እትዬ ናት። መጠያየቅ አያስፈልግም፤ ማንኪያውን ማመን ብቻ ነው።

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ።

«ጉዳችን ፈላ!» አለች እትዬ እየሳቀች። «ምላስ የሌለበት ቤት ሆንን።»

«ማዳም በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት ይቻላል ትላለች እኮ» አልኳት።

«ማዳም ትትፋ። እኔ ስንት ረመዳን በዚህ እሳት ፊት ቆሜ የጾምኩት አሁን ልተፋው ነው? ይልቅ አንቺ ቅመሺ። የናንተ ጾም እንደሆነ ሽሮ እስከ አንገት እየተበላ ነው።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማልቀምሰውስ?»

«እሱማ ቁርስ ማሳለፍ ነው እንጂ ጾም ነው?»

ከዚያ መላ አገኘን። የቤቱ ሹፌር ሕንዳዊ ነው፤ አይጾምም። በወጥ ቤቱ በር ላይ አስቁመን በማንኪያ እንሰጠዋለን። «ዘይን» ካለ ደህና ነው። ጣቶቹን ካርገበገበ ትንሽ ይጨመር ማለቱ ነው። እትዬ «ሚዛናችን» ብላ ስም አወጣችለት።

ያ ረመዳን ለእትዬ ከሌላው ሁሉ የተለየ ነበር። ልጇ ልታገባ ነው። ሠርጉ ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ማዳም ኢጃዛ ፈቅዳላታለች፤ የሁለት ወር ፈቃድ። ፓስፖርቷን ከተቆለፈው መሳቢያ አውጥታ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ትኬቱ በዚያው ሳምንት ሊቆረጥ ነው። እትዬ ያን ጠረጴዛ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወለውለው እኔ ነኝ የማውቅ።

ሻንጣዋን ቀደም ብላ ነበር ያዘጋጀችው። ማዳም ከቤት ስትወጣ የማዳምን የሰውነት መመዘኛ ወደ ክፍላችን እናመጣና ሻንጣውን እናወጣበታለን።

«ስንት አለ?»

«ሁለት ኪሎ አልፏል እትዬ።»

«ሳሙናውን አውጪ። ሙሽራ ሳሙና አታጣም። ሂናውን እንዳትነኪብኝ!»

ሂናውን በልጇ እጅ ላይ ራሷ ልታደርግላት ነው። «እጇን ሳልይዘው አደገ» አለችኝ አንድ ቀን። ይህን ብላ የሻንጣውን ዚፕ ዘጋችው።

በረመዳን አጋማሽ ላይ የማዳም ባል እናት ከሌሎች እንግዶች ጋር ለኢፍጣር፣ ለጾም መፍቻው ማዕድ፣ ተጠራች። ማማ ከቢራ እንላታለን፤ ትልቋ እናት ማለት ነው። ሳባህ አል-ሳሌም ነው የምትኖረው። ማዳም ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ ልክ አልነበረም፤ ማማ ከቢራ ምግብ ላይ ነገር ታወጣለች። መችቡስ ነበር የምንሠራው፤ የበግ ሥጋው ተቀቅሎ ሩዙ በመረቁ የሚበስለው። ጨው የሚገባው መረቁ ላይ ነው፤ ሩዙ ከገባ በኋላ መመለሻ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ማማ ከቢራን ሊያመጣ ወጣ። እትዬም ልትሰግድ ስትሄድ «ሥጋው ሲለሰልስ ጨው አድርጊበት። ካልደረስሽ እኔ መጥቼ አደርገዋለሁ» አለችኝ።

አደረግሁ። ማንኪያውን ክዳኑ ላይ አጋደምኩት።

ወዲያው ማዳም ገባች። እንግዶቹ በጓሮ በኩል ስለሚያልፉ ወጥ ቤቱን ያዩታል። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? አንሺ! አጽጂ! ያላ!» አለች። እዚያ ቤት ከገባሁ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ማዳም አንዴ እንኳ ጎበዝ ብላኝ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ጎበዝ መባል የምወድ ሰው ነኝ። ጠረጴዛውን ጠረግሁ፤ ምድጃውን ወለወልኩ፤ ያየሁትን ሁሉ አጥቤ አስቀመጥኩ። ማንኪያውንም ከክዳኑ ላይ አንስቼ አጠብኩት፤ መስቀያው ላይ ሰቀልኩት። ማዳም ዞር ዞር ብላ አየችና «ዘይን» አለችኝ። በደስታ ሳህን ልደረድር ወደ ሳሎን ሮጥኩ።

እትዬ ሰግዳ መጣች። ክዳኑን አየች። ማንኪያ የለም። ጨው ጨመረች፤ ሩዙን ገለበጠችበት። ሹፌሩ ከመንገድ መጨናነቅ ወጥቶ የደረሰው አዛን ሊል ሲል ነው። ማስቀመስ አልተቻለም።

ማማ ከቢራ ቴምር በላች፤ ውኃ ጠጣች፤ ከመችቡሱ አንዴ ጎረሰች። የውኃ ጆግ ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ሳህኑን በሁለት ጣቷ ወደ ማዳም ገፋ አደረገችው። እንግዶቹም አንድ በአንድ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። እትዬ ቴምሯን እያኘከች ነበር። ከድስቱ ጥግ ቆንጥራ ቀመሰችና ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ጨው ጨምረሽ ነበር?»

«አይ፣ አልጨመርኩም» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስብ ነው እላለሁ ለራሴ። ግን ሳላስብ የወጣውን ቃል አስቤ መመለስ እችል ነበር። የማዳም ጫማ በግቢው ድምፅ እያሰማ እስኪደርስ ጊዜ ነበረኝ። እትዬ መስቀያው ላይ ያለውን ማንኪያ አየችው፤ ክዳኑን አየችው፤ እኔን አላየችኝም። «እንግዲያ እኔው ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ከመስገዴ በፊት ጨምሬ ረስቼው ይሆናል።»

ማዳም በሩ ላይ ቆመች። «ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ማዳም» አለች እትዬ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሠርተሽ ዛሬ ነው በእሷ ፊት የምታዋርጂኝ? ልብሽ አገርሽ ገብቷል! ኢጃዛ ማፊ!»

ፈቃድ የለም ማለቷ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሳሎን ስንገባ ፓስፖርቱ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። እትዬ ባዶውን ጠረጴዛ እንደ ወትሮው ወለወለችው።

ለዒድ ገና ሁለት ሳምንት ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ መናገር ይቻላል! በየጠዋቱ ነጠላ ጫማዬን ሳጠልቅ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ ማዳም ወደ መክተብ ስትመልሰኝ ይታየኛል፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ ጩኸት፣ ምናልባትም እትዬ የሌለችበት ወጥ ቤት። ደግሞም እትዬ ራሷ «ለዒድ ልቧ ይራራል፤ አውቃታለሁ» ስለምትል፣ እኔ ሳልናገር ነገሩ የሚስተካከል ይመስለኝ ነበር።

በዚህ መሀል እትዬ ተለወጠች። ጋዙን ዘግታ ትወጣና ከደረጃው ትመለሳለች። «ዘግቼዋለሁ?» ትለኛለች። «ዘግተሻል እትዬ።» ትንሽ ቆይታ እንደገና ታየዋለች። የትንሹን ልጅ መድኃኒት መስጠቷን እኔን ትጠይቃለች። አንድ ቀን ልብስ እየተኮሰች፣ «እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት» አለችኝ። «መጀመሪያ ጨው ረሳች፤ ኋላ እኛን ረሳችን።» ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ። እኔ ካውያውን አነሳሁላት።

ዒድ ሆነ። ማዳም ለሁለታችንም አዲስ ልብስ ሰጠችን። እትዬ ልብሱን በሁለት እጇ ይዛ ስለ ፈቃዱ ጠየቀች። «ከበጋው ጉዟችን ስንመለስ እናያለን» አለች ማዳም፤ ቁጣዋም በርዶ ነበር። እንዲያውም በፈገግታ ነው የተናገረችው። ፊንጣስ ሰፈር የምትሠራ የአገሯ ልጅ በዚያ ሳምንት ትሄድ ስለነበር፣ እትዬ ሻንጣውን ከፍታ ሂናውንና የሙሽራዋን ልብስ በእሷ ላከች። ሻንጣው ባዶውን አልጋ ስር ገባ።

የሠርጉ ቀን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፍን ነበር። ስልኩን የሳሙና ካርቶን ላይ አስደግፈነዋል። ሙሽራዋ በቪዲዮ ብቅ አለችና ሁለት እጇን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ሂናው ጥቁር ብሎ ይዟል።

«ማን አደረገልሽ?» አለች እትዬ።

«አክስቴ ናት እማ። ያምራል?»

«ያምራል። እስቲ መዳፍሽንም አሳይኝ። አስጠጊው።» ልጅቷ አስጠጋች። ስክሪኑ በሙሉ መዳፍ ሆነ። እትዬ ጣቷን አንስታ ልትነካው ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ደጋግማ ደወለች። አልገባም። አንሶላውን አነሳችና ጫፉን ሰጠችኝ። አንሶላ ሁለት ሰው ሲያጥፈው ፊት ለፊት ይሆናል፤ የሚደበቁበት የለም።

«እትዬ» አልኩ። «ያን ቀን ጨው ጨምሬ ነበር። ማንኪያውን ከክዳኑ ላይ አንስቼ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ጫፉን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ጫፍ ከጫፍ አገናኘን።

«እኔ እኮ ጭንቅላቴ የከዳኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ልጄን የምረሳት መስሎኝ ነበር።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እንደ ሌላው ጊዜ አብሽሪ አላለችኝም። «አሁን ሄጄ ለማዳም ልንገራት?» አልኩ።

«አሁን? ሠርጉ አልፎ?» አለች። «አንቺን ይመልሱሻል፤ ያንቺ ሥራም እኔ ላይ ይወድቃል። ያዢው ይሄን።» ሌላውን አንሶላ ሰጠችኝ። የቀሩትን በሙሉ አጠፍናቸው።

ውሌ እስኪያልቅ አብረን ሠራን። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ስታመም ሥራዬን ሸፍናልኛለች፤ ስሄድም ለእናቴ ሻሽ ሰጥታኛለች። እሷ እስከዚያ ቀን ድረስ ኢጃዛዋን አላገኘችም ነበር።

ግን በሠርጉ ማግስት ወጥ ቤት ውስጥ የሆነውን አልረሳውም። ድስቱ ላይ ጨው ጨመረች። ማንኪያውን አጠበችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ለማዳም በምትናገርበት ድምፅ፣ በዐረብኛ፣ «ሚልህ ኸላስ» አለችኝ። ጨው ተጨምሯል ማለቷ ነው። «እሺ እትዬ» አልኩ በአማርኛ። የድስቱን ክዳን ገጠመችው። ከዚያ በኋላ ጨው በጨመረች ቁጥር እንዲሁ ነበር የምትነግረኝ፤ ማንኪያው ክዳኑ ላይ አልተመለሰም።